ነይ ጌጤ፣ አይምሽብሽ

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ሌሊቱን ዘንቦ ረፋዱ ላይ አባራ። ሩዙ ደህና ነው።

ጧት ቻላቸው ጌጤን አልባለሁ ብሎ ተነሳ። ልጄ ነው፣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ምክር አይሰማም። ከማን እንደወረሰው አላውቅም። ላሟ አንዴ ነው የረገጠችው። ማለቢያው ወዲያ፣ እሱ እበት ላይ። ትንሿ ሰብለ ወንጌል እናቷ ጀርባ ላይ ሆና በአባቷ ሳቀች። ጻፍኩት። ለመስከረም ሚካኤል ማኅበር ይሆናል። በየወሩ ከበላን ከጠጣን በኋላ “ደሞዝ፣ የቤትህን ጉድ አንብብልን” ይሉኛል። አነባለሁ፣ ይስቃሉ፣ መጨረሻ ላይ ትምህርቱን እነግራቸዋለሁ። ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ፊደል ለቅሜ ለዚህ በቃሁ።

ምራቴ ማስተዋል አትወደውም። “አባዬ፣ የእኛ ውርደት የማኅበሩ መሳቂያ ሆነ እኮ።”

“ተማሩበት።”

“እርስዎስ መቼ ነው የሚወድቁት?”

እኔ አልወድቅም።

ባለቤቴ ሸዋነሽ በሚያዝያ ካረፈች ወዲህ ጌጤ ጥጃዋን እንጂ ሰው አታስጠጋም። ሲመሽ ሬሳው ወደወጣበት መንገድ ዞራ ትጮኻለች። በየቀኑ። መስማት ሰለቸኝ። ለዘመን መለወጫ ገበያ ትሸጣለች ብያለሁ። ነጋዴው አንለይ አይቷታል፣ ለእርድ ይፈልጋታል። ማስተዋል “ልጄስ ምን ትጠጣ?” አለች። የራሷ ጡት ደርቋል። ሌላ ላም እስክንገዛ ትታገስ። የተናገርኩትን አላጥፍም።

ከብት እንደገባ በሩን ቀረቀርኩ። ሕጌ ነው። የመሸበት አንኳኩቶ ይለምናል። “ገርበብ ያድርጉት፣ የሚመጣ ሰው አይጠፋም” የምትለኝ ሸዋነሽ ብቻ ነበረች።

ነሐሴ 20

አመሻሽ ላይ ደጃፍ ተቀምጬ ነበር። ሜዳው በሙሉ ውኃ ነው፣ ውኃው ላይ ጉም ተኝቷል። ላሟ ጩኸቷን ጀመረች። ከዚያ...

“ነይ ጌጤ፣ ነይ ቤትሽ... አይምሽብሽ።”

ከበረቱ በኩል? ከውኃው በኩል? ላሟ ጸጥ አለች። እንዲህ ብሎ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ጆሮዬ አርጅቷል።

ጥቂት ቆይታ ማስተዋል በኩባያ ወተት ይዛ ገባች። ትኩስ። አረፋው ገና አልጠፋም።

“ከየት አመጣሽው?”

“ጌጤ ሰጠች።”

“ለማን?”

“ለእኔ ነዋ።” ዓይኗን ግን ወደ ልጇ መለሰች። ሰብሊ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ጨለጠችው።

ነሐሴ 21

ዛሬም ወተት መጣ። ቻላቸው “አባዬ፣ ምን ያዳምጣሉ?” አለኝ። ዝናቡን አልኩት። ዝናብ አልነበረም።

ነሐሴ 23

ጎረቤቴ መንግሥቴ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ። ጃንጥላውን እንኳ አላጠፈም፣ ቤት ውስጥ ቆሞ።

“አያ ደሞዝ፣ የሸዋነሽን ልብስ በአርባዋ ሰጥታችኋል?”

“ለድሆች ሰጥተናል። ሁሉንም።”

“አንድም አልቀረ?”

“ምን ሆነሃል አንተ?”

“ትናንት አመሻሽ ከሩዝ ስመለስ... ጀርባዋን አየሁ። ያን አረንጓዴ ጥልፍ ያለውን ቀሚስ ለብሳ በረት ስትገባ። ልብሱ ካልወጣ ነፍስ አታርፍም ይባላል።”

“ጠጥተህ ነው።”

“በእግዜር! ጠላ እንኳ አልቀመስኩ!” ጀርባውን ሳይሰጠኝ ወደ ኋላ እየተራመደ ወጣ። መቃኑ መታው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጽፈው ነበር።

ከሄደ በኋላ በረት ገባሁ። የምንቀመጥበት የማለቢያ ድንጋይ ከላሟ በስተግራ ዞሯል። ቻላቸው በቀኝ ነው የሚቀመጥ። ሁሉም ሰው በቀኝ ነው የሚቀመጥ። በግራ በኩል የምታልበው ግራኟ ሸዋነሽ ነበረች።

ነሐሴ 26

በዓይኔ አየሁ። ሳይመሽ ገብቼ ከገለባው ክምር ኋላ ቆምኩ። እሷ ገባች። አረንጓዴው ጥልፍ። ነጠላው ሸዋነሽ እንደምታስረው ወገብ ላይ ታስሯል። ምንም ሳትናገር በግራ በኩል ተቀመጠች። ጌጤ ቀሚሱን አሸተተች፣ ትንፋሿን ለቀቀች፣ ወተቱ ማለቢያው ውስጥ ፏ ማለት ጀመረ።

“ሸዋነሽ?” አልኩ። ከቀብሯ ወዲህ ስሟን ጠርቼ አላውቅም።

ዞረች። ማስተዋል ናት።

“አባዬ... ልጄ ተርባብኝ ነው።”

በአርባው ልብሱ ሲወጣ አንዱን ደብቃ አስቀርታለች። አላጠበችውም። ላሟ የምታውቀው ሽታውን ነው፣ ስለዚህ በሸዋነሽ ቦታ ተቀመጠች፣ እንደ ሸዋነሽ አሰረች። የሙት ልብስ! ነገ ወጥቶ ይሰጣል አልኳት።

“ይሰጥ። ላሟም ትታረድ። ልጄን ግን እርስዎ ያባብሏት።”

እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ሌላ ነገር ጠየቅኋት።

“ድምፁንስ እንዴት ለመድሽው?”

“የቱን ድምፅ?”

“ስትጠሪያት ነዋ። ነይ ጌጤ፣ አይምሽብሽ የምትያትን።”

ማለቢያውን መሬት አስቀመጠች።

“እኔ እኮ አልጠራኋትም፣ አባዬ። ድምፄን ከሰማች ትረግጠኛለች። ትንፋሼን ውጬ ነው የማልባት።”

ነሐሴ 27

ለማኅበሩ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ትምህርቱ ምንድን ነው? አላገኘሁትም።

ቀሚሱን ስጭ አላልኳትም። ረሳሁት ልበል።

ነሐሴ 30



ማስተዋል ወባ ይዟት ቻላቸው ጧት ወረታ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ልጅቱ ከእኔ ጋር ቀረች። ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ዋጠው። ቻላቸው ደወለ፣ “አባዬ፣ እዚሁ ማደራችን ነው።” ሰብሊ በሶ ሰጠኋት ተፋችው። ዳቦ ሰጠኋት ወረወረችው። አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ድምፅዋ ተዘጋ። ላሟም በረት ውስጥ ትጮኻለች። በሁለቱ መካከል ቆምኩ።

ቀሚሱ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል።

ለበስኩት። ትከሻዬ ላይ ጠበበኝ፣ ቁርጭምጭሚቴ ወጣ። ጢሜን በነጠላዋ ሸፈንኩ። ልጅቱን አዝዬ፣ እኔ ደሞዝ፣ በግራ በኩል ተቀመጥኩ። ጌጤ አሸተተችኝ። ጡቷ የደረቀ ቆዳ ሆነብኝ፣ ጠብ የሚል የለም። ብጠራት ትሰጥ ይሆን ብዬ “ነይ ጌጤ” አልኩ። ድምፄ እንደ ዛገ በር ነበር። ረገጠችኝ። እበት ላይ ወደቅሁ፣ ልክ ቻላቸው የወደቀበት ላይ።

እንደምንም ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ልጅቱ በጣም ስታለቅስ... ከውጭ መጣ። ከውኃው በኩል፣ ቀስ ብሎ።

“ነይ ጌጤ፣ ነይ ቤትሽ...”

ላሟ ጆሮዋን አቆመች። ጡቷ በእጄ ውስጥ ለሰለሰ። ወተቱ መጣ። ሰብሊ ለቅሶዋን አቋርጣ ከጀርባዬ እጇን ወደ በረቱ በር አወዛወዘች፣ ሰው እንደሚሰናበቱ ሳይሆን እንደሚቀበሉ።

እኔ አልዞርኩም። ማለቢያው እስኪሞላ አለብኩ።

ስወጣ መንግሥቴ መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር። በዚያ ቀሚስ፣ በዚያ ጢም አየኝ። ጃንጥላውን ጭቃ ውስጥ ጥሎ በረረ። ስሙን እየጠራሁ ልመልሰው ብል ባሰበት።

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ

ማስተዋል ተሽሏታል፣ ዛሬ ጧት ተመለሱ። አንለይ ከገበያ ደወለ።

“አያ ደሞዝ፣ ላሟን አምጣት እንጂ፣ ሰዓት ሄደ።”

“አትሸጥም።”

“ቃልህስ?”

“አጠፍኩት።”

ስልኩ የተቋረጠ መስሎት “ሃሎ? ሃሎ?” ይላል።

መስከረም 12

የሚካኤል ማኅበር። የቻላቸውን ትቼ የራሴን አነበብኩ። ቀሚሱን፣ ጢሙን፣ እበቱን፣ ጃንጥላውን። እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። መንግሥቴ መሬቱን በእጁ እየደበደበ ሳቀ፣ ጃንጥላውንም መለስኩለት። ማስተዋል አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ ይርገበገባል። በኋላ ውኃ ስታቀብለኝ “ወደቁ አይደል?” አለችኝ። ወደቅሁ አልኳት።

ቄስ ኃይለ ሚካኤል “ቀሚሱ ግን መሰጠት አለበት” አሉ።

“ላሟ እስክትነጥፍ ይቆይ፣ አባ።” ያውቁኛል፣ አልተከራከሩኝም።

“ትምህርቱስ?” አለ አንዱ። “ሁልጊዜ ትነግረን የለ?”

“ዛሬ የለውም።”

የጠራትን ድምፅ አላነበብኩም። የማኅበሩ አይደለም።

አሁን መሽቷል። ከብቶቹ ገብተዋል። ሰብሊ ወተቷን ጠጥታ ተኝታለች። ውኃው ከሜዳው እየሸሸ ነው፣ ጉሙ ግን እንዳለ ነው። ጌጤ አልጮኸችም። ወደ መንገዱ ዞራ ጆሮዋን አቁማለች።

ቻላቸው “አባዬ፣ በሩን ልቀርቅረው?” አለኝ።

ገርበብ አድርገህ ተወው አልኩት። አይምሽባት።