የሙከራ ብረቶቹ የጠፉበት የልጆች ድልድይ እንዳይፈርስ

ሹር፣ ይህን ከመላኬ በፊት አንዴ እየው። እኔ ስጽፍ ሁልጊዜ «አጥሩን ዞርክ፣ ዞርክ፣ በሩን ግን አላገኘኸውም» ትለኛለህ። እሺ፣ ዛሬ በሩን ለማግኘት እሞክራለሁ። ድልድያችንን ሊያነሡት ነው። ቢሮው ተጠያቂው ማን ነው ሲል ሁሉም ወደ አንተ ይጠቁማል፤ አንተ ደግሞ ዝም ብለሃል። ስለዚህ እኔ ልጻፍ። ብሳሳት አትቆጣ።

ቀን፦ እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2019

ለሩግስቮግ ማዘጋጃ ቤት የመንገድና ግንባታ ክፍል ኃላፊ
ለክብርት ወይዘሮ ቶርዲስ ብሬክነስ
ሩግስቮግ

ጉዳዩ፦ በወንዙ ላይ ያለው የተማሪዎች የእግረኛ ድልድይ ማርች 25 እንዲነሣ የተላለፈው ውሳኔ እንዲታገድልኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

ከላይ ለወንድሜ የጻፍኩትን መምህሬ «ለቢሮ እንዲህ አይጻፍም» ብላ እንድሰርዘው መክራኛለች። ልሰርዘው ሞክሬ ነበር። ይቅርታ እየጠየቅሁ ትቼዋለሁ።

1. እኔ አመልካች ሃልቮር ሌይርቮግ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ሹር ሌይርቮግ በወደቡ አጠገብ ባለው በስኮርሐመር የብረታ ብረት ድርጅት መሐንዲስ ነበር። ድርጅቱ «ያሳደገን ይህ ሰፈር ነው» ስለሚል በየዓመቱ ከትምህርት ቤታችን ጥቂት ተማሪዎችን እየወሰደ፣ ሙያ እያስተማረ፣ ለነዋሪው የሚጠቅም አንድ ነገር ያሠራል። የአውቶቡስ መጠበቂያውንና የመዋኛውን መሰላል የሠሩት ከእኛ በፊት የነበሩት ናቸው። ለእኛ የደረሰን ድልድዩ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉ ትንንሽ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት የዓሣ ጭነት መኪኖች በሚሄዱበት፣ የእግረኛ መተላለፊያ በሌለው መንገድ ስለሆነ ነው ድልድዩ የታሰበው። ያስተማረን ሹር ነው። ድልድዩ በጃንዋሪ ወር በቦታው ተቀመጠ፤ ሳይመረቅ፣ ሹር በፌብሩዋሪ ወደ ሥራ ሲሄድ መኪናው በበረዶ ተንሸራትቶ ገደል ገባና ሞተ።

2. የቀረው ነገር እንዲገባ አንድ ደንብ ማስረዳት አለብኝ። በዚያ ድርጅት ተማሪ የሚያሠለጥን ሰው ሁለት እጁን ቱታው ኪስ ውስጥ ይከታል። መናገር ይችላል፣ መንካት አይችልም። አዋቂ አንዴ መሣሪያ ከያዘ አይለቅም፣ ልጁም ቆሞ ያያል እንጂ አይማርም ይላሉ። ሹር ደንቡን እጅግ አጥብቆ ስለሚይዝ አፍንጫውን ሲበላው እንኳ በትከሻው ነበር የሚያከው። የክፍል ጓደኛዬ ዩሱፍ «አለቃ፣ እጅህን በረደህ እንዴ?» ብሎ ሲቀልድበት «አንተ ስትበይድ ሳይ ደሜ እየቀዘቀዘ ነው» አለው። እኔን ወንድሙ ስለሆንኩ ጭራሽ አይምረኝም ነበር። «ይሄ ብየዳ ነው ወይስ የባሕር ወፍ ኩሷን ጥላበት ነው? ፍጨውና እንደገና!» ይለኛል። ክሬኑ ድልድዩን ወንዙ ላይ ሲያወርድ እንኳ፣ ሁላችንም ስንጮህና ስናጨበጭብ፣ እሱ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ነው የዘለለው።

በዚህ የተነሣ በድልድዩ ላይ የሹር እጅ ያረፈበት አንድም ብየዳ የለም። ሁሉም የእኛ ነው። ከቢሮዎ እንደተነገረኝ፣ እንደ ሹር ፈቃድ ያለው በያጅ ራሱ በይዶት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል አይከብድም ነበር።

3. እኛ ፈቃድ ስለሌለን ማስረጃችን የሙከራ ብረቶቹ ነበሩ። ማንኛውም ተማሪ ድልድዩን ከመንካቱ በፊት ያንኑ ዓይነት መጋጠሚያ በሁለት ቁራጭ ብረት ላይ ይበይዳል። ከዚያ በብረት መጨበጫው በሞርሳ አስሮ በመዶሻ ይደበድበዋል። ብየዳው ከተሰበረ ወደ ድልድዩ መጠጋት የለም። ብረቱ ተጣሞ ብየዳው ከያዘ፣ ተማሪው ስሙንና የመጋጠሚያውን ቁጥር ይጭርበትና ከሹር የሥራ ጠረጴዛ ሥር ባለው የዓሣ ሣጥን ውስጥ ይጨምረዋል። በፌብሩዋሪ መጨረሻ የቢሮዎ ተቆጣጣሪ ባለበት ተቆርጠው ውስጣቸው እንዲታይ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ግን ሣጥን ሙሉ የተጣመመ ውዳቂ ብረት ነው።

4. ሹር በሞተ ማግስት የሥራ ባልደረቦቹ ጠረጴዛውን አጸዱ። የቆየ ልማዳቸው ነው። ሠራተኛ ሲሞት ቤተሰቡ መጥቶ ተጠጥቶ የተረፈ ቡና ወይም የእጁን ቅርጽ እንደያዘ የቀረ ጓንት እንዳያይ ሁሉንም ያነሣሉ፣ ጠረጴዛውን በዘይት ይወለውላሉ፣ ሻማ ያበሩበታል። እናቴና እኔ ስንደርስ ጠረጴዛው እንደ አዲስ ያበራ ነበር። እናቴ ፎርማኑን ኤይሊፍን አቅፋ አመሰገነችው። የዓሣ ሣጥኑ ግን ከሌላው ቁርጥራጭ ብረት ጋር ተጭኖ በመርከብ ወደ ማቅለጫ ሄዷል። ኤይሊፍ ይህን ያወቀው ቆይቶ፣ እኔ ሣጥኑን ስጠይቀው ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «አሳምሬ ነው ያጸዳሁልህ፣ ልጄ፤ አሳምሬ» አለኝ። ይህን የጻፍኩት እሱን ለመክሰስ አይደለም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አጸዳው ነበር።

5. ከዚያ ወዲህ የሄድኩበት ሁሉ ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ መልሱ ግን አንድ ነው፤ የሙከራ ብረቶቹ ከሌሉ ድልድዩ ይነሣል። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ራግንሂልድ አስቀምጣ አነጋገረችኝ። «ሃልቮር፣ ድልድዩ ጠንካራ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ያመንኩትን አየሁ ብዬ አልፈርምም። ልጆች ናቸው የሚሄዱበት» አለችኝ። ሹርም ቢሆን እንደዚሁ ይል ነበር። ትምህርት ቤቱ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም ብሏል። ወደ ቢሮዎ ስመጣ በመስኮቱ ያለው ሰውዬ ኮምፒዩተሩን አየና «ወዳጄ፣ እዚህ ኃላፊ ተብሎ የተመዘገበው ሹር ሌይርቮግ የሚባል ሰው ነው። እሱን ብታነጋግረው ይሻላል» አለኝ። ወንድሜ ነው አልኩት። ከዚያ ገባው፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ከመሳቢያው ቸኮሌት አውጥቶ ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ምን ላድርግ?

ዕድሜዬ ስላልደረሰ አቤቱታዬን አሳዳጊ እንዲያቀርበው ተነግሮኛል። አባት የለኝም። እናቴ የነዳጅ ማውጫ ላይ ስለምትሠራ ባሕር ላይ ናት፤ የምትመለሰው ክሬኑ ድልድዩን ካነሣ በኋላ ነው። ይህን በስልክ ሳነብላት መጨረሻው ድረስ መስማት አልቻለችም። «አንተ የጻፍከውን እኔ እንደጻፍኩት ይቁጠሩት በላቸው» አለችኝ። ብያለሁ።

ድርጅቱም ነገሩ እስኪጠራ ድረስ ተማሪ መቀበል አቁሟል። ዩሱፍ ይህን ሲሰማ «ስለዚህ የመጨረሻዎቹ እኛ ነን፤ የመጨረሻዎቹ ምን ሠሩ ሲባል አንድ መኪና ቁርጥራጭ ብረት ይባላል» አለ። እንደ ወትሮው የቀለደ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። አልሳቀም።

6. ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ይህንን ነው። ማርች 25 ክሬኑ እንዳይመጣና ድልድዩ የውሃ በርሜሎች ተጭነውበት እንዲፈተን። በርሜሎቹን ዩሱፍና እኔ እንሞላለን። ክብደት መሸከሙ ብቻውን የብየዳውን ውስጥ እንደማያሳይ ራግንሂልድ ነግራኛለች፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እለምናለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ድልድዩ ከተነሣ በኋላ ሳይቆረጥ የሆነ ቦታ እንዲቀመጥልን። ቦታ የለም ከተባለም፣ ብረት ሲቆረጥ የብየዳው ውስጥ ስለሚታይ፣ የሚቆርጠው ሰው አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ አይቶ ደህና ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን እንዲነግረኝ። ደህና ነበር ቢለኝ ድልድዩ የለም። ደህና አልነበረም ቢለኝ ደግሞ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ሦስቴ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

7. ሰውዬው በመስኮቱ በኩል «ይህን ያህል የሚያስቸኩለው ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መልሴ ባለፈው ሰኞ የሆነው ነው።

እናቴ እሑድ ማታ ወደ ሥራዋ ሄዳለች። ሰኞ ቤት ውስጥ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ዳቦ በቡናማ አይብ ቆሜ በላሁና ገና ሰዓቱ ሳይደርስ ወጣሁ። በወንዙ በኩል ሄድኩ። የጎረቤታችን ልጅ ኢዱን፣ አንደኛ ክፍል ናት፣ አንጸባራቂ ሰደርያዋን ለብሳ ድልድዩን ከዘጋው ቀይና ነጭ የፕላስቲክ ሪባን ፊት ቆማለች። «ሃልቮር፣ ይሄን የሠራኸው አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ። ከጓደኞቼ ጋር ነው አልኳት። «ይሰበራል?» አይሰበርም አልኳት። «እና ይሄን ከፍ አድርግልኛ፣ ልለፍ።» ፕላስቲኩን ያዝኩት። ቀላል ነው፣ በአንድ ጣት ይነሣል። አላነሣሁትም። አይፈቀድም አልኳትና እጇን ይዤ በመኪናው መንገድ ዞርን። እኔ በመኪኖቹ በኩል ሆንኩ። አንድ የዓሣ መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ የቀለጠውን በረዶ ከእግር እስከ ራሳችን ረጨን፤ ቦርሳዋ ውስጥ ሳይቀር ገባ። አላለቀሰችም። በትምህርት ቤቱ በር ላይ መምህሯ አይታን ደነገጠችና ምን ሆናችሁ አለች። ኢዱን እጇን ከእጄ አወጣችና ወደ እኔ ጠቆመች። «በድልድዩ አትሂጂ ያለኝ ይሄ ነው» አለቻት። እኔም አዎ፣ እኔ ነኝ አልኩ።

ጊዜዎን ሰጥተው ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ፤
ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ሃልቮር ሌይርቮግ
(ፊርማ)