ሳልለምን የቆምኩበት ቀን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017

የንስሐ አባቴ ሰባት ቀን ምንም ሳልለምን እንድጸልይ ካዘዙኝ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። «ልጄ፣ አንቺ እግዚአብሔር ፊት የምትቆሚው ጉዳይ ሲኖርሽ ብቻ ነው። እስቲ እንዲሁ አዋዪው» ነው ያሉኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። አባታችን ሆይ እንኳን የዕለት እንጀራችን ላይ ሲደርስ ልመና ነው።

ከሰዓት ወንድሜ ሥራ ቦታ ደወለልኝ። የሕክምና ምርመራው ውጤት ሐሙስ ይደርሳል አሉት። «እንግዲህ ያንቺ ጸሎት ነው» አለኝ። እሺ አልኩት። ሰባተኛው ቀን ግን አርብ ነው። ለአባ ደውዬ ነገሩን ባስረዳቸው ትእዛዙን ያነሱልኝ ነበር። አልደወልኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቤት ስገባ እንደ ሰሞኑ የጌታ ሥዕል ፊት ቆምኩ። በችግኝ ጣቢያችን የዘራነው ጽድ ስንት ወር አፈር ውስጥ ከርሞ ዛሬ ብቅ ማለቱን ነገርኩት። ዊንጌት ላይ ታክሲ አጥቼ በእግሬ መምጣቴን፣ አዲሱ ጫማ ተረከዜን እንደላጠኝም ነገርኩት። ስለ ጫማ ሳወራ ትንሽ አፈርኩ። ከዚያ ወሬ አለቀብኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አማትቤ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ዛሬ ግን እዚያው ቆየሁ።

የወንድሜን ነገር አላነሳሁም። እግዚአብሔርም አላነሳብኝም። ሁለታችንም እያወቅነው አብረን ዝም አልን።