ከእኔ ተውሰው ሞት ስለፈረዱበት እባብ፣ ለሊክ ፎርክ ከተማ ከንቲባ

ለክቡር አቶ ዴልማር ኮምብስ
የሊክ ፎርክ ከተማ ከንቲባ
ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከአይጦቹ በላይ

ግልባጭ፦ ለከተማችን ጋዜጣ፤ ጋዜጣ ለማያነቡ ወገኖች ደግሞ በፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ ጉልበትዎን ማለቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰኞ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ከወንበር ወደ ጠረጴዛ የወጡበት ፍጥነት ስድሳ ዓመት በሞላው ሰው ላይ እምብዛም የማይታይ በመሆኑ፣ ወለምታ ደርሶብዎት ይሆን እያልኩ ስሰጋ ሰንብቻለሁ። እኔ ሰማንያ አንደኛ ዓመቴን ይዤ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ኦፓልም ደህና ናት። ከቤተሰባችን ደህና ያልሆነው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በትእዛዝዎ በማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ፣ በውሻ ማጎሪያው ውስጥ ታስሮ፣ የፊታችን ዓርብ እኩለ ቀን ላይ እንዲገደል የተወሰነበት ዲያቆን ነው።

ጋዜጣውን በሩቅ ሆነው የሚያነቡ እንዳይደነግጡ፣ ዲያቆን እባብ ነው። አይጥ እየበላ የሚኖር፣ መርዝ የሚባል ነገር የሌለው፣ ቢዘረጋ ከእኔ ቁመት ጥቂት የሚያጥር ጥቁር እባብ ነው። ከአገጩ በታች ነጭ ስለሆነ፣ እሑድ እሑድ በጥቁር ሱፍና በነጭ ሸሚዝ ሙዳየ ምጽዋት የሚያዞሩትን የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናችንን ዲያቆን ይመስላል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው፤ እሳቸውም ሲሰሙ አልተቀየሙም። አሥራ አራት ዓመት አብሮን ኖሯል። ክረምቱን ከወጥ ቤቱ ምድጃ አጠገብ በመስታወት ሣጥኑ፣ በጋውን በበቆሎ ጎተራው ውስጥ ያሳልፋል። ኦፓል እነዚህን አሥራ አራት ዓመታት በሙሉ «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከዚህ ቤት ውጡ» ስትል ኖራ፣ አሁን እሱ ሲወሰድባት «ምነው የቀረኸው አንተ ሆንክ?» ትለኝ ጀምራለች።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ይቅርታ፣ እንደሚያውቁ ሲናገሩ እንደሰማነው፣ በእኛ ሸለቆ ጎተራው አይጥ የገባበት ሰው መርዝ አይረጭም፤ ከጎረቤት እባብ ይዋሳል። በትራስ ልብስ ከትቶ ይወስዳል፤ አይጡ ሲያልቅ ከአንድ ማሰሮ የአፕል ማርማላታ ጋር አመስግኖ ይመልሳል። አባትዎ ሆባርት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከዲያቆን በፊት የነበረውን እባቤን ስድስት ጊዜ ተውሰው፣ ስድስት ጊዜ በተባለው ቀን መልሰዋል። ማርማላታቸው ግን ሁልጊዜ ያረረ ነበር፤ እሱን ይቅር ብያለሁ።

እርስዎም ከአምስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን፣ መኪናዎን ከቤቴ በር ራቅ አድርገው አቁመው በጓሮ በኩል ብቅ አሉ።

«ጋሼ ኤልዚ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። መዝገብ ቤቱን አይጥ ጨረሰብኝ።»

«ምኑን በላብህ?»

«የመሬት ካርታዎቹን! ከግዛቱ ዋና ከተማ እንግዶች ሊመጡብኝ ነው። ለሁለት ሳምንት ዲያቆንን ቢያውሱኝ?»

እኔም የትራስ ልብሱን ጫፍ እያሰርኩ፣ «ስማኝ ዴልማር፣ ዓይኑ መደብዘዝ ሲጀምር ሳትውል ሳታድር አምጣልኝ። ቆዳ ሊቀይር ሲል ዓይኑ ይሸፈናል፤ በደንብ አያይም፤ ስለማያይም ይደነብራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንደ ኦፓል ጠዋት ጠዋት ነው፣ ማንም አይናገረውም» አልኩዎት። ኦፓል ከወጥ ቤት «ሰምቻለሁ!» ስትል፣ እርስዎ በሳቅ ፈርሰው «አውቃለሁ ጋሼ፣ አውቃለሁ! እኔ የዚሁ ኮረብታ ልጅ አይደለሁም እንዴ!» አሉኝ። በምርጫው ጊዜ በየመንገዱ ባቆሙት ሰሌዳ ላይም ይኸው ቃል በትልቁ ተጽፎ ስላየሁ አመንኩዎት። ሞኝነቱ የእኔ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ከዚህ በኋላ የተፈጸሙብኝን በጎ ነገሮች፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ለሁለት ሳምንት የተዋሱትን እባብ አራት ሳምንት በማቆየትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጸሐፊዎ «ዓይኑ ጭጋግ ለብሷል፣ ለባለቤቱ እንመልሰው» ብትልዎ «እንግዶቹ እስኪሄዱ ይቆይ» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ለመሬት ካርታ ያለዎት አሳቢነት የሚደነቅ ነው፤ ከካርታዎቹ ግማሹ ተበልቶ ሳለ የቀረውን የሚጠብቅ እንዲህ ያለ መሪ በቀላሉ አይገኝም።

ሁለተኛ፤ ዓይኑ የተሸፈነበት እባብ በጣሪያው ስር ባለው የውሃ ቧንቧ ላይ ሲሄድ ስቶ፣ በስብሰባው ጠረጴዛ መሐል፣ በቃለ ጉባኤው ላይ ወደቀ። የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው ይህ ዓይነቱ እባብ ሲደነግጥ ጅራቱን ያርገፈግፋል፤ ከጅራቱ ሥር ደረቅ ቅጠል ወይም ወረቀት ካለ ይንኮሻኮሻል፤ ከዚህ የከፋ ነገር አያውቅም። እርስዎ ግን በእንግዶቹ ፊት «ጅራቱን የሚያንሿሿው መርዛማ እባብ ነው! ስሙት!» ብለው እየጮኹ ጠረጴዛው ላይ ወጡ። እባቡ የነበረው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ስለሆነ፣ ወደ ወለሉ ሳይሆን ወደ እሱ መሸሽዎ ምን ዓይነት ስልት እንደሆነ እስከ ዛሬ ሊገባኝ አልቻለም፤ ምናልባት በከንቲባነት ትምህርት የሚሰጥ ይሆናል። ከእንግዶቹ አንዷ ሴት በእርጋታ «የማን ነው?» ብትጠይቅዎ፣ በገዛ እጅዎ በትራስ ልብስ ተሸክመው ያመጡትን እባብ ቁልቁል እያዩ፣ «በሕይወቴ አይቼው አላውቅም!» አሉ።

በዚህ ላይ አስተያየት አልጨምርም። ከዚህ የሚበልጥ ነገር ልጽፍ እሞክርና እርሳሴ ይሰበራል።

ሦስተኛ፤ ከጠረጴዛው ሳይወርዱ፣ በዚያው ስብሰባ፣ በከተማው ክልል ማንም ሰው እባብ በቤቱ እንዳያኖር የሚከለክለውን ደንብ ስላጸደቁልን እናመሰግናለን። ለድልድዩ ጥገና ሰባት ዓመት የፈጀበት ምክር ቤት ለዚህ ሰባት ደቂቃ አልፈጀበትም። እንደ እኔ ቆጠራ በከተማው እባብ ያለበት ቤት አሥራ አንድ ነው፤ ከእነዚህ ዘጠኙ ድምፃቸውን ለእርስዎ የሰጡ ናቸው፤ አሁን በየአልጋቸው ሥር ሣጥን እየደበቁ፣ በገዛ ከንቲባቸው እንደ ሌባ እየተሳቀቁ ያድራሉ። በውሳኔው ላይ ዲያቆን «መርዛማ፣ በሽተኛና ባለቤት አልባ» ተብሎ ተጽፏል። ስለ አንድ ፍጡር በሦስት ቃል ሦስት ጊዜ መሳሳት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጥረቱን አደንቃለሁ።

«በሽተኛ» ስለተባለበት ምክንያት ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ዓይኑ ነጣ ብሎ እንደ ወተት ስለሆነ፣ እርስዎም በበሩ መስታወት አሻግረው ለግማሽ ደቂቃ ስላዩት፣ «ዓይነ ስውር፣ ምናልባትም ተላላፊ» ብለው ፈርመዋል። የእንስሳት ሐኪም አልተጠራም። በዚህ ሸለቆ ውስጥ የስድስት ዓመት ሕፃን ጠርተው ቢያሳዩት እንኳ «ቆዳ ሊቀይር ነው» ብሎዎት ወደ ጨዋታው ይመለስ ነበር። የኮረብታው ልጅ ግን በፊርማና በማኅተም ሞት ፈረዱበት። ከተማችንን ከእባብ ከሚተላለፍ ዕውርነት ስላዳኗት ባለውለታችን ነዎት፤ ሽልማት የሚሰጥ ድርጅት ቢኖር እኔው ራሴ እጠቁምዎ ነበር።

አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ኦፓል ረቂቁን አንብባ «ይኼ ስድብ ነው» ብላ ሰርዛዋለች። ስድብ ነበር።

አምስተኛ፤ የእንስሳት ቁጥጥር ሠራተኛዎን ራንዳልን ይመለከታል። ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ በረንዳዬ ላይ መጣና፣

«ጋሼ ኤልዚ፣ ዲያቆን አይንቀሳቀስም። ይሞትብኝ ይሆን?» አለኝ።

«አይሞትም። ቆዳው እንዲለቀው እርጥበት ይፈልጋል። እርጥብ ጨርቅ አስገባለት።»

«ከንቲባው በምንም ዓይነት እንዳልነካው አዘውኛል።»

«አንተ አትንካው። ጨርቁ ይንካው።»

ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዓርብ እንዲገድለው የታዘዘው እሱ ነውና። የራንዳል እናት በደህናው ጊዜ ዲያቆንን ለጎተራዋ ስትዋስ የትራስ ልብሱን አቅፎ ይሄድ የነበረው እሱ ነው። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፤ አውቀው ነው ያዘዙት ለማለት ግን አልደፍርም፤ ለማወቅ ማሰብ ያስፈልጋልና።

ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ብዙ አይደለም። ደንቡን ይሻሩ አልልም፤ ካሣ አልጠይቅም፤ ይቅርታም ቢሆን ከአቅምዎ በላይ እንደሆነ እረዳለሁ። ጸሐፊዎ እንዳለችኝ ውሳኔው የቆመው «ባለቤት አልባ» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ባለቤቱ ከታወቀ እንስሳው ለባለቤቱ ይመለሳል እንጂ አይገደልም። እኔ ባለቤት ነኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ብመጣ፣ «ማስረጃ የለም» ብለው በዘበኛ አስወጥተውኛል። ማስረጃው እርስዎ ነዎት። ዓርብ ከእኩለ ቀን በፊት ከቢሮዎ ወርደው፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «የኤልዚ ነው፤ እኔ ነኝ የተዋስኩት» ይበሉ። ይህቺ ብቻ አንድ ነፍስ ታድናለች። ጠረጴዛ ላይ ከመውጣት ይልቅ እንደምትከብድዎ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጠረጴዛው ላይ ቆመው ቢናገሯትም አንከፋም፤ ከሩቅ ይሰማል።

እስከዚያ ድረስ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎና ለማስታወስ ችሎታዎ በየዕለቱ የሚጸልየው፣ ለአባትዎ ወዳጅ፣ ለእርስዎ አበዳሪ የሆነው፣ ዓርብም ከማለዳ ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበሩን ይዞ የሚቀመጠው ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ኤልዚ ተኬት
ከሊክ ፎርክ ላይኛው ሸለቆ፣ ረቡዕ

ተጨማሪ፣ በፖስታው ጀርባ ላይ፦ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ይህን ደብዳቤ አሽጌ ቴምብሩን ከለጠፍኩ በኋላ፣ የራንዳል መኪና ደጃፌ ላይ ቆመች። የትራስ ልብስ በእጁ ይዟል። «ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ቆዳውን ጣለ። ዓይኑ እንደ አዲስ ጠርቶ አየኝ። እኔ ይኼን አልገድልም» አለኝ። «ለከንቲባውስ ምን ልትለው ነው? አመለጠ በል» አልኩት። «አላመለጠማ፤ ምን ብዬ እዋሻለሁ?» አለ። ኦፓል ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አቀረበችለት፤ ዲያቆንንም «መጣህ? እግርህን ጠርገህ ግባ» ብላ ተቀበለችው። ስለዚህ የምለምንዎት ነገር አልቀረም። ቴምብሩ ግን አንዴ ተለጥፏልና ደብዳቤው ይሂድ። ራንዳል ነገ ጠዋት ቢሮዎ ገብቶ «እኔ ነኝ የፈታሁት» ይልዎታል። እባክዎ አፉን እያዩ በጥሞና ያዳምጡት፤ አጭር አረፍተ ነገር ናት፣ በእርስዎም ዕድሜ ልትለመድ ትችላለች።