ጥሩነሽ ዘመዳችን አለመሆኗን የተናገረች ቀን

እማዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። የቤት ወሬ የማትጠግቢ ስለነበርሽ ከእሱ ልጀምር። በአጥሩ ጥግ ያለው ማንጎ ዘንድሮ ደህና አፍርቷል። አዲሱ ድልድይ ተከፍቶ የዓባይ ማዶ ባጃጆች መንገድ ሰፍቶላቸዋል። ጣና ላይ ያለው እምቦጭ አንድ ሰሞን ይሸሻል፣ አንድ ሰሞን ይመለሳል። ትልቁ ወሬ ግን የልጄ የቤተልሔም ነው። ዮናስ ሊያገባት ሽማግሌ ላከ። የጥሩነሽ ልጅ ዮናስ።

ይህን ብትሰሚ መጀመሪያ እልል ትያለሽ፣ ቀጥሎ ደንግጠሽ ትቀመጫለሽ። አንቺ የምትደነግጪበትን ነገር እኛም ደነገጥንበት።

ጥሩነሽ ፋብሪካ ልትቀጠር ከወሎ ስትመጣ፣ ብቻዋን ለመጣች ልጃገረድ ቤት የሚያከራይ አጥታ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አንቺም ሰፈርተኛው እንዳይደፍራት "የእህቴ ልጅ ናት፤ እህቴ ወሎ ተድራ የወለደቻት" ብለሽ አንድ ክፍል ለቀቅሽላት። እህት እንደሌለሽ እኛ የቤትሽ ሰዎች እናውቃለን። ሰፈሩ፣ ዕድርተኛው፣ የነፍስ አባታችን እንኳ ሳይቀሩ ግን ቃልሽን አምነው ኖሩ። ጥሩነሽ ከእኛ ቤት ተዳረች፣ ከእኛው አጥር ቀጥሎ ጎጆ ወጣች፣ ዮናስን ወለደች።

ከዚያ እንግሊዝኛው መጣ። ቤተልሔም ሦስተኛ ክፍል ሳለች የቤተሰብ ስሞችን ስታጠና አንቺ አጠገቧ ሽንኩርት ትልጪ ነበር። መጽሐፏ ላይ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አንድ ውሻ ተሥለዋል። "ውሻውን ሥለው አያቷን የት ጣሏት?" አልሽ። የእናት ወንድምም፣ የአክስት ባልም፣ ሁሉም "አንክል" መባሉን ስትሰሚ ፈረንጅ በዘመድ ስም ንፉግ ነው ብለሽ ፈረድሽ። ስላንቺ "ሀውስዋይፍ" ብላ ጽፋ፣ ቃሉ ውስጥ ሚስት የሚል እንዳለበት ስትነግርሽማ "ባሌን ከቀበርሁ ስንት ዘመኔ! ይህች ልጅ የማን ሚስት አደረገችኝ?" ብለሽ እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ። "ከዚን" የምትለዋን ግን ወደድሻት። በእናት ነው በአባት፣ ቅርብ ነው ሩቅ ብላ የማትመረምር ደግ ቃል ናት አልሽ። ከዚያ ወዲህ ቤተልሔምና ዮናስ "ከዚን" ተባባሉ፣ ጥሩነሽም "አንቲ" ሆነች። የት ላይ እንደምንዛመድ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት የነፍስ አባታችን ጠየቁ። "እነዚህ ልጆች ሦስተኛ ቤት ላይ የሚገናኙ አይደሉም ወይ? ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከዚን ሲባባሉ እየሰማሁ፣ ሰባት ቤት ሳይሞላ ምን ብዬ ልባርክ?" አሉ። የቤታችንን ዘር የምትቆጥሪው አንቺ ነበርሽ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አፌን ስከፍት ባለቤቴ በዓይኗ ከለከለችኝ። ልክ ነበረች፤ ነገሩ የጥሩነሽ ስለሆነ እሷ ሳትፈቅድ በሰው ፊት የሚነገር አልነበረም። ሌላ ቀጠሮ ያዝን።

በማግስቱ ጥሩነሽ ዘንድ ሄድሁ። "እሱን ብቻ ተናገሪ አትበለኝ" አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። "እትዬን ስንቀብር ወገቤን ታጥቄ ከልጆቿ ጋር አልቅሻለሁ። ዛሬ ተነሥቼ ባዳ ነኝ ልበል? ነገ ያ ሰፈር በምን ዓይኑ ሊያየኝ ነው?" እሷ ካልተናገረች ልጆቹ እንደማይጋቡ ነገርኋት። "ይህ ጠፍቶኝ መስሎህ ነው?" ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ድርሽ አላለችም። ቤተልሔምም ሳትለምናት፣ ሳትቀየማት፣ በደጇ እያለፈች ሥራዋ ትሄድ ነበር።

የወንድ እናት ሽምግልና ላይ እንደማትገኝ ታውቂያለሽ። በቀጠሮው ቀን ግን ጥሩነሽ ራሷ ገባች። መስቀል ተሳለመችና ቆማ፣ "አባቴ፣ ይፍቱኝ። እኔ የዚህ ቤት የሥጋ ዘመድ አይደለሁም። መጠጊያ ሳጣ የእህቴ ልጅ ናት ብላ ያስገባችኝ እትዬ ናት" አለች። ድምጿ ደህና ነበር፤ የነጠላዋን ጥለት ግን በጣቷ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ አየሁ። የነፍስ አባታችን "ያን ሁሉ ዘመን ንስሐ ስትገባ ይህችን አንድ ቀን አልነገረችኝም እኮ!" ብለው ሳቁ። ኃጢአት ስላልመሰለሽ ነው ልላቸው አማረኝና ተውሁት። የወሎ ዘመዶቿን እስከ ሰባት ቤት አስቆጥረው፣ ከእኛ ጋር የሚገናኝ ስም ሲያጡ፣ እኛም ልጃችንን ሰጠን።

ገበታ ሲቀርብ ጥሩነሽ እንደ እንግዳ ቆማ ቀረች። በዚህ ቤት "ግቢ" መባል ሳያሻት ስትገባ የኖረች ሴት፣ የሚጋብዛት ስትጠብቅ ማየት ከበደኝ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና "አንቺ ጥሩነሽ! ወጡ ሊያርብኝ ነው፣ ምን ተገትረሽ ታያለሽ?" ብላ ጮኸችባት። ጥሩነሽም እጅጌዋን እየሰበሰበች ገባች።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሙት ዓመትሽ በመጣ ቁጥር ዝክርሽን የምናወጣው ከጥሩነሽ ጋር ነው፤ ይህ አይቀርም። ከእነዚህ ልጆች የሚወለደውን ልጅ ዘሩን ማስቆጠር ደግሞ የእኔ ተራ ነው። በእናቱ በኩል አንቺን፣ በአባቱ በኩል ጥሩነሽን አስቆጥረዋለሁ። አንቺ ለጥሩነሽ የሰጠሻትን ዝምድና፣ እማዬ፣ ያ ልጅ ሲቆጥር ያገኘዋል፤ የሚያርመውም ሰው አይኖርም።

ልጅሽ