ከጨረቃ የመጣው ከድር

ማክሰኞ፣ ጥር 15

ቅሉ ዛሬም ተሰነጠቀ። ሦስተኛው መሆኑ ነው። ከድር ጭንቅላቱን እንደ ምንም አስገብቶ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ሲል ቋ! አለ። «ጥፋቱ የቅሉ አይደለም፣ የጭንቅላትህ ነው!» ብዬ ጮኽኩበት። ተሾመ በሳቅ ሞተ። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጌ መቁረጥ ነበረብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ ስረሳው ለራሴ ይሆነኛል። የትምህርት ቤታችን የሳይንስ አስተማሪ ሚስተር ቶማስ ኮንትራቱ አልቆ መጋቢት ላይ ወደ ሕንድ ሊመለስ ነው። እንደ ሰዓት በቁልፍ የሚሞላ የፊልም ካሜራ አለው፤ የቀረው ግን አንድ ጥቅልል ፊልም ብቻ። «ሚስ አስቴር፣ ይኼ ፊልም ለእናንተ ነው። አንድ ነገር ሥሩ» አለኝ። ባለፈው ዓመት ሰው ሰማይ ወጥቶ ተመለሰ ሲባል በሬዲዮ ከሰማን ወዲህ እኔና ባለሱቁ ከድር ሌላ ወሬ የለንም። ሰው ወደ ሰማይ ከወጣ፣ ከሰማይስ ለምን አይወርድም? ከወረደስ ለምን አሰላ አይወርድም?

ስለዚህ የጨረቃ ሰው (ከድር ነው፣ ቅሉን አጥልቆ) በጭላሎ ተራራ ሥር ይወርዳል። ሕዝቡ ይሸሻል። አንዲት አስተማሪ ብቻ (እኔ ነኝ) አትሸሽም፤ በትንሽ የእጅ ሰሌዳ ላይ ሀ ሁ ታስተምረዋለች። በመጨረሻ ወደ አገሩ ሲሄድ ሰሌዳውን ትቶላት ይሄዳል። «እመለሳለሁ» የሚል ተጽፎበታል። ይህችን መጨረሻ ሳስባት ዓይኔ እንባ ያቀራል፤ የራሴው ድርሰት!

ለእናቴ ስነግራት ምን አለች? «መጀመር እንደሆነ ማን ብሎሽ።» አንድ እጁ የቀረ ሹራብ አለኝ። በደብዳቤ የጀመርኩት የእንግሊዝኛ ትምህርት አለ። እጮኛዬንም ቢሆን ከመሀል ነው የተውኩት፤ እሱን ግን ደግ አደረግኩ። ይህን ፊልም ግን እጨርሰዋለሁ። አንድ ነገር እንኳ ከጫፍ ባደርስ።

ረቡዕ፣ ጥር 16

የጨረቃ መርከባችን ተገኘ! የአክስቴ የብርቄ ጎተራ ነው። ክብ፣ ረጅም፣ አናቱ ሹል። ኖራ ከተቀባ በፊልም ላይ ማን ጎተራ ይለዋል? ችግሩ አዝመራው ገና መግባቱ ስለሆነ እስከ አፉ ገብስ ሞልቶበታል። ከድር ከውስጡ መውጣት አይችልም፤ ከጀርባው ብቅ ይላል።

አክስቴ ፈቀደች፤ ግን «ክዳኑን የነካ ወየውለት» አለች።

ያለን፦ ጎተራ፣ ኖራ፣ የአራት ሻይ ሣጥን ብርማ ወረቀት (ከከድር ሱቅ)፣ የብስክሌት ሽቦ ለቅሉ ቀንድ፣ አራተኛ ቅል፣ ለጭሱ አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ። የመጨረሻው ከተሾመ ነው፤ ጎሚስታ ጓደኛ ማፍራት ለካ ይጠቅማል።

የጎደለን፦ የሚሸሽ ሕዝብ።

ዓርብ፣ ጥር 18

የሚሸሽ ሕዝብም ተገኘ። ትናንት ከትምህርት በኋላ የአክስቴን ጎረቤቶች ዞርኩ። ዘጠኝ ሰዎች እሺ አሉ። ታላቃቸው አባ ገነሞ ናቸው፤ ረጅም ሽማግሌ፣ በትራቸው ከእኔ ትረዝማለች። «እንግዳው ከጎተራው ጀርባ ሲወጣ ደንግጠው ይሸሻሉ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉኝ። «በደንብ ነው የሚሸሹት፣ ወደ ኋላ ሳያዩ።» «እሺ።» ሦስተኛ ጊዜ ስነግራቸው በኦሮምኛ ለሚስታቸው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሚስተር ቶማስ ደግሞ ሒሳቡን አስረዳን። ጥቅልሉ ሁለት ጊዜ ነው የሚሄደው። ሁለት ደቂቃ ይነሳና ተገልብጦ ሌላ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ የለም። ደብተሬ ላይ እያንዳንዷን ሰከንድ ደልድዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ አለቀ። ጉድ ነው የሆነው።

ጠዋት ጭላሎ እንደ ተወለወለ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሚስተር ቶማስ እሱን አነሳ። ቀጥሎ መርከቡ። ተሾመ ከመነዳሪውን ከጎተራው ጀርባ ለኮሰው። እንዲህ ያለ ጥቁር ጭስ በዕድሜዬ አላየሁም። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው!» ይላል ሚስተር ቶማስ። እኔ በደስታ እዘላለሁ። ለካ ከማዶ ላሉት ለማንም አልነገርንም። «የብርቄ ጎተራ ተቃጠለ!» ኡኡታው ቀለጠ። ሰዉ ባልዲውን፣ እንስራውን፣ ቅጠሉን ይዞ በየማሳው ግር ብሎ መጣ። አክስቴ ራሷ እንኳ አብራን ቆማ እያየች ኡኡታውን ስትሰማ ተደናግጣ አንድ እንስራ ውሃ ተሾመ ላይ ደፋችበት።

ሁሉም ፊልሙ ውስጥ ገብቷል። እኔ የምፈልገው የሚሸሽ ሰው፤ የመጣልኝ ሃምሳ የሚሮጥ ሰው፣ ያውም ወደ እኛ! ይቅርታ ስንጠይቅ ዋልን። ማንም አልተቆጣም፤ እሳት አለመሆኑን ካዩ በኋላ ከድርን በብርማ ልብሱ ከብበው ሲነካኩት ዋሉ።

ነገ ሁለተኛው ሁለት ደቂቃ ነው። ሽሽት ሠላሳ ሰከንድ፣ ሀ ሁ ስልሳ፣ «እመለሳለሁ» ሠላሳ። ለከድር በጥብቅ ነግሬዋለሁ፤ ከአፍህ ቃል እንዳይወጣ። የጨረቃ ሰው ቋንቋችንን ከየት ያውቃል? «ፊልሙ ድምፅ የለው፣ ባወራስ?» አለኝ። «ከንፈርህ ይታያል» አልኩት።

እሑድ፣ ጥር 20

አልቅሻለሁ።

ዘጠኙ ሰዎች በሰዓቱ መጡ። ንጹሕ ልብስ ለብሰዋል። ከድር ከጎተራው ጀርባ ወጣ። ካሜራው ተርር ማለት ጀመረ። «ሽሹ!» አልኩ። ባልና ሚስቱ ሲቀሩ ሰባቱ አባ ገነሞን አዩ። አባ ገነሞ አልሸሹም። በትራቸውን ለሚስታቸው ሰጥተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ወደ ጨረቃው ሰው ቀስ ብለው ሄዱ፤ እጃቸውን ዘረጉ።

«አካም ጂርታ? ነጋ?» እንዴት ነህ? ሰላም ነው?

ከድር ዝም። እኔ ነኝ ዝም በል ያልኩት።

መልስ ሲያጡ እንደገና ጀመሩ። «ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?» ልጆች ደህና ናቸው? ከብቱስ ደህና ነው? ዝም። ዝናቡን ጠየቁት፣ አዝመራውን ጠየቁት። እጁን አልለቀቁትም። ከድር በቅሉ ቀዳዳ እኔን ያያል፤ ዓይኑ ይለምናል። እኔስ ምን ላድርግ? ሽማግሌ ሰላምታ ሲሰጥ መሀል ገብቶ «ይበቃል» የሚል ሰው በየትኛው አገር ነው ያደገው? ሚስተር ቶማስ ያቆማል ብዬ ዞር ስል ቁልፉን እንደገና እየሞላ ነው! ሞልቶ ያነሳል፣ ሞልቶ ያነሳል።

በመጨረሻ «ቢዪ ነጋ?» አሉት። አገሩ ሰላም ነው?

ይህን ጊዜ ካሜራው ጠቅ ብሎ ቆመ። ጥቅልሉ አለቀ። እኔ ሰሌዳዬን እንዳቀፍኩ «ለምን አላቆሙም?» ብዬ ሚስተር ቶማስ ላይ ጮኽኩ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ሁሉም እኔን ሊያባብል ሲሯሯጥ አባ ገነሞ በትራቸውን ተቀብለው ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ማታ አክስቴ ያለችኝ ነው የባሰው። «ስለ ፊልምሽ አላውቅም። ሽማግሌውን ግን ያለ መልስ ሰደዳችኋቸው።»

ሰኞ፣ ጥር 21

ሚስተር ቶማስን ይቅርታ ጠየቅኩ። ሳቀ። «ሚስ አስቴር፣ እኔ ብዙ ፊልም አየሁ። ሰው ከእንግዳ ሲሸሽ ሁልጊዜ አየሁ። ይኼን ግን አንድም ቀን አላየሁም። እንዴት አቆማለሁ?» አለኝ። እውነት አለው፤ ግን አልበረደልኝም። መጨረሻ የሌለው ፊልም ነው። እናቴ «ተጨረሰ?» ስትለኝ «ጥቅልሉ ተጨረሰ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ፊልሙን ፖስታ ቤት ሰጠነው። እንግሊዝ አገር ታጥቦ ይመለሳል፤ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አይታወቅም። ማሳያ መሣሪያው የሚስተር ቶማስ ስለሆነ እሱ ከመሄዱ በፊት ካልደረሰ የሠራነውን መቼም አናየውም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 20

ፊልሙ አልመጣም። ፖስታ ቤት የሄድኩበት ቀን ብዛት! ጸሐፊው ገና ከበሩ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል።

ዛሬ ከድር ሱቅ ነበርኩ። የረመዳን ጾም ላይ ስለሆነ ድምፁ ሰልሏል። አባ ገነሞ ገቡ። ከድር ከመደርደሪያው ኋላ ዘሎ ወጥቶ «አባ፣ ነጋ ነው! ልጆችም ደህና፣ ከብቱም ደህና፣ አገሩም ሰላም!» አላቸው። በፈገግታ አዩት። «አንተን መች ጠየቅኩህ? አንተንማ አውቅሃለሁ፤ ሻይና ስኳር የምገዛው ካንተ ነው። እኔ የጠየቅኩት የጨረቃውን ሰው ነው» አሉት።

እኔም አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። «አባ፣ ሽሹ ብያችሁ እሺ ብለውኝ ነበር» አልኳቸው።

«እሺ ያልኩሽ እንዳይከፋሽ ነው። ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ብቻውን ቆሞ፣ እኔ በደጄ ትቼው ልሽሽ? ልጆቹስ ምን ይሉኛል?»

ደብተሬን ገልጬ የጻፍኩትን ድርሰት እንደገና አነበብኩት። ሕዝቡ ይሸሻል ብዬ የጻፍኩት የትኛውን ሕዝብ አይቼ ነው?

ዓርብ፣ መጋቢት 7

መጣ! መጣ! መጣ! ጸሐፊው ራሱ ትምህርት ቤት ድረስ ይዞት መጣ። ሚስተር ቶማስ የሚሄደው ሰኞ ነው። ነገ እናሳያለን። አባ ገነሞን አክስቴ ትጠራለች። እናቴ «ጾም ነው፣ ጨዋታ አልሄድም» ብላ ነበር፤ ለብቻዬ ሳጉረመርም ሰምታ «እሺ፣ እቀመጥልሻለሁ» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

ሁሉንም ሳልጽፍ አልተኛም።

የአራተኛ ክፍልን መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፈንን። ቀኑ ከውጭ ፀሐይ ነው፣ ውስጡ ድቅድቅ። የትምህርት ቤቱ የመብራት ሞተር ተነሳ። የእናቴ አንሶላ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተወጠረ። አባ ገነሞና እናቴ ፊት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ሰሌዳዬን ይዤ ቆምኩ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

ጭላሎ ታየ፤ ሰዉ አጨበጨበ። መርከቡ ታየ፤ አክስቴ «ጎተራዬ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም መርከብ ነው ብሎ አላመነም። ባልዲ የያዙት ሲሮጡ፣ ተሾመ ውሃ ሲለብስ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቆይቶ አባ ገነሞ መጡ። እንዴት ያምራሉ! ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ዘርግተው። ሳቁ ሁሉ ጸጥ አለ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እያንዳንዷን ጥያቄ ሁላችንም ሰማናት፣ ድምፅ ሳይኖር። የጨረቃው ሰው እጁን እንደሰጠ ቆሟል። ከዚያ ነጭ ብርሃን ብቻ። አለቀ።

ማንም አላጨበጨበም። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከጥግ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ከድር ነው። ለካ ቅሉንና ብርማውን ልብስ በጆንያ ይዞ መጥቷል፤ ለእኔ እንኳ አልነገረኝም። ቅሉን አጥልቆ በነጩ ብርሃን ፊት ቆመ፤ ጥላው አንሶላውን ሞላው። አባ ገነሞ አላመነቱም። ከወንበራቸው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ቢዪ ነጋ?»

«ነጋ» አለ የጨረቃው ሰው። «አገሩ ሰላም ነው አባ። ልጆቹም ደህና ናቸው። ከብት የለንም፤ ዝናብም የለንም። እናንተ ግን ደህና ናችሁ ወይ?»

«ደህና ነን! ከብት ከሌላችሁማ ከእኛ ትወስዳለህ» አሉ አባ ገነሞ። ክፍሉ ተናወጠ። ሚስተር ቶማስ መሣሪያውን ማጥፋት ረስቶ መነጽሩን ይጠርጋል። እኔም አለቀስኩ፤ ይኸኛው ግን ሌላ ለቅሶ ነው።

ሰሌዳዬን ወደ ፊት አላወጣሁትም። ምን ይጻፍበታል?

እናቴ ወደ ኋላ ዞራ ፈለገችኝ። «አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ» አልኳት።

«አበጀሽ» አለችኝ፤ አንሶላዋንም ራሷ አውርዳ አጠፈችው።

ሚስተር ቶማስ ጥቅልሉን ለእኔ ሰጠኝ። እሱ ሰኞ ይሄዳል፣ መሣሪያው አብሮት ይሄዳል፤ እንደገና በምን እንደማየው አላውቅም። ለጊዜው እንዳይቧጨር በጅምሩ ሹራቤ ጠቅልዬ ሣጥኔ ውስጥ አኖርኩት። ሌላ መጠቅለያ ነገ እፈልግለታለሁ፤ ሹራቡ የቀረው አንድ እጅ ነው።