ከባሕር ማዶ እንጨት የሠራሁት ደጋን

ሐሙስ፣ ጥቅ. 3። ከቀትር በኋላ።

የጥጥ መንደፊያውን ደጋን እየሞረድኩ ሳለ የጣልያኑ ካፒቴን አስተርጓሚ መጣ። ና ተባልኩ። እጄን ሳልታጠብ ሄድኩ።

ካፒቴኑ የጦር ደጋን ፈልጓል፤ ከነፍላጻው። ወልቂጤ ያለው ጓደኛው አንድ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል፤ እሱም አማረው። በዚህ አገር ሰው በጦርና በጠመንጃ እንጂ በቀስት አይዋጋም፣ የእኔ ደጋን ጥጥ ለሚነድፉ ነው አልኩ። ብዙ ነው ያልኩት። አስተርጓሚው በሁለት ቃል ጨረሰው። ካፒቴኑ ሳቀና ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

ደብተሬ፣ እንጨት አየሁ። ለቢሮው ወለል በመርከብ ያስመጡት ሳንቃ ነው። ከየት አገር እንደተቆረጠ አስተርጓሚውም አያውቅም። ቀይ ነው፣ የበሬ ጉበት የመሰለ። ወይራ እንኳ እንዲህ አይከብድም። ከዚህ ሥራ ተባልኩ፤ የእናንተ እንጨት አያብረቀርቅም አለ።

እምቢ ማለት ይቻል ነበር? አላውቅም። አልሞከርኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 5።

እንጨቱ ያስቸግራል። መጥረቢያው ይነጥራል፤ መላጊያው ወዲያው ይዶለዱማል። ብናኙ ይመራል፣ በማስነጠስ አለቅሁ። ቁራጩን ገንዳ ውስጥ ብጥለው እንደ ድንጋይ ሰጠመ። እጄ እስከ ክርኔ ቀላ። ሚስቴ ብርቄ ውሃ ስታፈስልኝ ደም መስሏት ጮኸች።

ከቀትር በኋላ። የመጀመሪያው ተሰበረ። እንደ ወይራ መስሎኝ በእሳት አሙቄ ስወጥረው ጥይት የተተኮሰ ያህል ጮኸ። የካምፑ ዘበኛ ጠመንጃውን አቀባብሎ መጣ። አሁን ገባኝ፤ ይህ እንጨት ቢጫኑት ይችላል፣ ቢለጥጡት ይሰነጠቃል። የደጋኑን ሆድ ልጌ አቅጥኜ፣ የሚለጠጠውን ጀርባውን በበሬ ጅማት ማልበስ አለብኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 8። ጧት።

ተሳካ! ሳብኩት፣ ጎበጠ፤ ለቀቅኩት፣ ቀጥ አለ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ዕቃ አልሠራሁም። አዲስ አበባ ሥራ ያስተማሩኝ አናጢ ባዩልኝ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ማን እንደሚሰቅለው ትዝ አለኝ። ደስታዬ ግን አልጠፋም። ያፈርኩት በዚህ ነው። ላንተ ብቻ ነው የምለው።

10 ሰ.። ካፒቴኑ አዲስነቱን ጠላው። አመድና ቅቤ ቀብተህ አስረጀው ተባልኩ። ምክንያቱን አስተርጓሚው ነገረኝ፦ ከሽፍታ አለቃ የተማረከ ነው ሊባል ነው። ፎቶግራፍ አንሺ ይመጣል። የጎደለው አለቃው ብቻ ነው። ከእስረኞቹ ማን ግርማ ሞገስ አለው ብሎ ጠየቀኝ።

ጋሽ ሸምሱ አልኩ።

ጋሽ ሸምሱ ጎረቤቴ ናቸው። ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ ሸሽቼ ቡታጅራ ስመጣ፣ ክርስቲያን ነው ሳይሉ ከመሬታቸው ቆርሰው ቤት ያሠሩኝ እሳቸው ናቸው። እንሰታቸው ውስጥ የዛገ አፈሙዝ ተገኘ ተብሎ ከመስከረም ጀምሮ ታስረዋል። ፎቶግራፍ ከተነሡ ይፈታሉ አለኝ አስተርጓሚው። ለሳቸው ብዬ ነው።

ለሳቸው ብዬ ነው?

አርብ፣ ጥቅ. 11።

ፎቶግራፉን ሆን ብለው በገበያ ቀን አደረጉት። ካምፑ በር ላይ።

ጋሽ ሸምሱን አመጧቸው። ከስተዋል። ጥምጣማቸውን አወለቁባቸው፣ እጀ ጠባባቸውን አስወለቁ፣ ትከሻቸው ላይ የነብር ቆዳ ጣሉ። ደጋኑን አስያዟቸው። አገላብጠው አዩት፤ ጅማቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ቀና ብለው አዩኝ።

“ኃይሌ፣ ያንተ እጅ ነው አይደል?”

ወደ ፎቶግራፍ አንሺው ዞርኩ።

“ጥጥ ነዳፊ ጠፍቶ ነው እኔን ያመጡኝ?” አሉ። አንዱ ባንዳ ሳቀና አፉን በእጁ ያዘ።

እንግዳ መኮንን አብሮ ነበር፣ ካፒቴኑ ሊያሳየው የጋበዘው። ደጋኑ የማን እንደሆነ በአስተርጓሚው በኩል እኔን ጠየቀኝ። የዚህ ሰውዬ ነው? ካፒቴኑ ዓይኑን ተከለብኝ።

“አዎ” አልኩ።

ከዚያ አንበረከኳቸው። ደጋኑን በሁለት እጃቸው ወደ ካፒቴኑ እንዲዘረጉ አደረጉ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ። ገበያተኛው ሁሉ ከአጥሩ ወዲያ ቆሟል። ያያል እንጂ አይሰማም።

ዕለቱን ፈቷቸው። ለእኔም የስንዴ ዱቄት በከረጢት ተሰጠኝ። ብርቄ ከየት መጣ አላለችም፤ ደስ አላት።

ሰኞ፣ ጥቅ. 14።

ብርቄ ከውሃ ስትመለስ ወሬ ይዛ መጣች። ዱቄቱን እያቦካች ነው የምትነግረኝ። ሸምሱ መሣሪያ አስረከበ ይባላል። ዘቢዳር ተራራ ጫካ የገቡትን ሰዎች ስም ሰጥቶ ነው የወጣ ይባላል። አለዚያ ለምን ይፈቱታል? ትናንት ጋሽ ሸምሱ ለቅሶ ቤት ገብተው አሰላሙ ዓለይኩም ቢሉ የመለሰላቸው የለም። አጠገባቸው የነበሩት ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። ልጁ ጫካ ያለ አባት እዚያው ነበር፤ ምራቁን ተፋ።

አንተ እኮ እዚያ ነበርክ፣ እውነት ነው ወይ? አለችኝ ብርቄ።

ከሩቅ ነበርኩ አልኳት።

ለሚስቴም ዋሸሁ። ቂጣው ሲቀርብ ሆዴን አሞኛል አልኩ። እሷ በላች።

ከቀትር በኋላ ሌላ ሳንቃ አምጥተው ግቢዬ ውስጥ አራገፉ። ወልቂጤ ያሉት መኮንኖች ፎቶግራፉን አይተው እኛም አሉ። ለእነሱም አለቃ ይፈለጋል። ማንን እንደምትጠቁም አስብ ተባልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 17።

ጋሽ ሸምሱ ጋ ሄድኩ። አጥር ሲያጥሩ አገኘኋቸው፣ ብቻቸውን። አምና ይህንኑ አጥር ሲያጥሩ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አግዟቸዋል፤ እኔም ነበርኩ።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። “ተነሣ፣ ልብስህ ይቆሽሻል” አሉ።

ስማቸውን ለጣልያን የጠቆምኩ እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ይህን አያውቁም ነበር። የያዙትን እንጨት መሬት አስቀመጡ።

“አንተ ነህ?”

“እንዲፈቱዎት ብዬ ነው ጋሽ ሸምሱ።”

“ፈቱኝ” አሉ።

ይቅር ይበሉኝ አልኩ። “ይቅር ማለቱስ ቀላል ነው” አሉ። “እኔ እኮ ያደረግሁትንም ያላደረግሁትንም አውቀዋለሁ። ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለማያውቀው ንገር። ነገ ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ ሰው ሁሉ መስጊድ በር ላይ ነው።”

ቢያስሩኝስ? አልኩ። አዎ፣ ይህንንም አልኩ፣ ገና ከእስር በወጡ ሰው ፊት። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፤ መመለስ አልቻልኩም።

አልተቆጡም። “እንግዲያው ቤትህ ተቀመጥ” ብለው ወደ አጥራቸው ዞሩ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

አርብ፣ ጥቅ. 18። ጧት።

ለብርቄ ሁሉንም ነገርኳት። ደጋኑን፣ ጥቆማውን፣ “አዎ” ማለቴን፣ ዱቄቱን። ስጨርስ ተነሥታ የተረፈውን ዱቄት ጓሮ አፈሰሰችው። ተመልሳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

ካሰሩህ ጥያ ያለው ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ አለች። ከዚያ፣ “ካልተናገርክም እሄዳለሁ” አለች።

7 ሰ.።

አስተርጓሚው መጥቶ ነበር። ሳንቃው ለምን አልተነካም ይላል። አልሠራም አልኩት። ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። አልሠራም ብዬ ደገምኩለት። ወደ ካምፑ መንገድ ጀመረ። ካፒቴኑ ሳይሰማ መስጊድ መድረስ አለብኝ።

የምለውን ደጋግሜ አሰብኩት። ደጋኑን የሠራሁ እኔ፣ እንጨቱ የነሱ፣ ጋሽ ሸምሱ ከዚያ በፊት በዓይናቸውም አላዩት፤ የማንንም ስም አልሰጡም፤ ስም የሰጠሁ እኔ። አጭር ነው። ከማንም በላይ የምፈራው ካፒቴኑን አይደለም። ሲሰሙኝ የሚያዩኝን ዓይን ነው።

ብርቄ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች። አብሬህ እሄዳለሁ ብላለች፤ ብከለክላትም አልሰማችም። ሰው መውጣት ጀምሯል፤ ድምፁ እዚህ ይሰማል።

መጀመሪያ ስሜን እላለሁ። ከዚያ ደጋኑን። ብርቄ ና እያለችኝ ነው፤ ሄድኩ።