ሞተር ሳያጠፉ ማብረድ

አንተ እንድሪስ! አዎ፣ አንተን ነው! እዚያ ኮምቦልቻ የካምቢዮ ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ባለው አዲስ መኪና ላይ ተንቀባረህ ይቺን ካርድ ታነባታለህ አይደል? እኔ የካምቢዮዬን ሙቀት አሁንም በአፍንጫዬ ነው የምለካው።

ዛሬ በቆሎ ጭኜ፣ ተሳቢ እየጎተትኩ ከጫግኒ ወደ እንጅባራ ስወጣ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ዳገቱ እንደ ደሴው ቀጥ ያለ አይደለም፤ ግን አያልቅም! ዳር ያዝኩና ማርሽ አውጥቼ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ እንዲበርድ ተውኩት። ጋሽ ሸጋው የሚባሉ ፈረሰኛ አይተውኝ ሳቁ።

"ጎሽ! ፈረስም ዳገት ወጥቶ ወዲያው አይገተርም፤ ላቡ እስኪደርቅ ቀስ እያለ ይሄዳል። ማን አስተማረህ?" አሉኝ።

"ራሴ ነኛ!" አልኳቸው።

እሳቸው ባንድ እይታ ያወቁልኝን አንተ ለአለቃችን "የኔ ዘዴ ነው" ብለህ ያንን አዲስ መኪና ወሰድክ። ቅናት ነው በለኝ፤ አዎ፣ ቀናሁ!

ቦታው አለቀ። እማማ ዘምዘምን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። ቅዳሜ ሾፌሩ ሁሉ ጋራዡ በር ላይ ሲሰበሰብ ይቺን ካርድ ጮክ ብለህ አንብብና እዚያው ፊታቸው መልስ፦ አንተንስ ማን አስተማረህ?

ይማም